የኢንሺራሕ ነጥብ

ሙአዝ ዶክተር የተባለው ገና በአምስት ዓመቱ ነው። የጎረቤት ዶሮ እግሯ ተሰብሮ ስታነክስ አየና በእርሳስ ደግፎ፣ በእናቱ ክር ጠምጥሞ አሰረላት። ዶሮዋ በማግስቱ ታርዳ ተበላች፤ ማዕረጉ ግን ልጁ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሚት ሐደር ሰፈር በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ። «ዶክተር፣ ሮጥ በልና ዳቦ ግዛ!» «ዶክተር፣ ጫማህን አውልቀህ ግባ!» «ዶክተር፣ አፍንጫህን ጥረግ እንጂ!» ልጁም አቤት ይላል። ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም፤ ዶሮዋንም የጠየቃት አልነበረም።

እናቱ ኢንሺራሕ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሐኪም ነጭ ጋዋን። በኩላሊት ሕክምና በታወቀችው መንሱራ ከተማ ውስጥ ለውሻ የተወረወረ ድንጋይ ውሻውን ከሳተ የሚያርፈው ሐኪም ላይ ነው፤ ሐኪም ካልሆነም ሐኪም ለመሆን የሚያጠና ላይ። ሕመምተኛው ከየገጠሩ ኩላሊቱን ይዞ ይመጣል፣ ተማሪው ከየአውራጃው ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋዋን ያስፈልጋል። ኢንሺራሕ የቤቷን የፊት ክፍል መስፊያ አድርጋ፣ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን እየለካች ኖራለች። ሲመጡ ቀና ብለው ነው። በሦስተኛው ዓመት ሊያስጠብቡ ሲመለሱ ትከሻቸው ወድቆ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ ታገኛቸዋለች። ይህንን እያየች እንኳ ለልጇ ከዚያ ሌላ አልተመኘችም። በዚያ አገር ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲና ምሕንድስና የቁንጮ ኮሌጆች ይባላሉ። ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ ስም ቢኖረውም በሰው አፍ ላይ ስሙ አንድ ነው፤ «ምን ይደረግ» ነው።

ስለራሷ ብዙ አታወራም። ትምህርት ያቋረጠችው የመልቀቂያ ፈተና ሊደርስ ሲል ነው። አባቷ በጠና ታመመ፣ ፍክሪም ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቱ ነገር በአንድ ሰሞን ሆነ። አባቷ ዓይኑ ሳይከደን ልጁን ሊድር ፈለገ። ዳራት፤ ከዚያም ዳነ። ኢንሺራሕ ይህን የምትናገረው አውቶቡስ ያመለጠው ሰው እንደሚናገረው ነው፤ ሳታማርር፣ ሌላ ይመጣል ብላም ሳትጠብቅ። ባሏ ፍክሪ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ቃል ግን አይበረክትለትም። ደስ ሲለው ዝም ይላል፣ ሲከፋው ዝም ይላል፣ ሲጨንቀው ወጥቶ ሐብሐብ ይገዛል።

የፍክሪ እህት ነዋል ሁለት ቤት አልፎ ነው የምትኖረው። ልጇ ሻሂር ሕክምና ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ስልክ ስታነሳ ሃሎ ማለት ትታለች፤ «የዶክተር ሻሂር እናት ነኝ» ነው የምትለው፣ የደወለላት የገዛ ወንድሟ ቢሆንም።

የሙአዝ የመልቀቂያ ዓመት ገና ሳይብት ቤቱ ለሐዘን እንደተቀመጠ ቤት ሆነ። ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ተጠቀለለ። እንግዳ ተከለከለ። ጎረቤት ልጁን ሊድር ድንኳን ሲጥል ፍክሪ «ከበሮውን ቀነስ ብታደርጉልን፣ ተፈታኝ አለን» ሊል ሄደ። ጎረቤትየውም ተፈታኝ እንዳለው፣ ሙሽራዋም ራሷ የተፈታኝ እኅት እንደሆነች ነገረው። ሙሽሮቹ በሹክሹክታ ተዳሩ።

የግል አስተማሪ ደግሞ ግዴታ ነው። የኬሚስትሪው አስተማሪ ኡስታዝ ጀላል በየግድግዳው በተለጠፈው ፎቶው ሥር «የኬሚስትሪው ዓሣ ነባሪ» ተብሎ ተጽፏል። የፊዚክሱ «ንጉሠ ነገሥቱ» ነው፣ የአረብኛው «ሚሳይሉ»። ዓሣ ነባሪው የሚያስተምረው የሠርግ አዳራሽ ተከራይቶ፣ በድምፅ ማጉያ ነው። ቀድሞ የደረሰ ተማሪ የሙሽሮቹ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሙአዝ ሁልጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ከምሰሶ ጀርባ ቆሞ በስልኩ ይቀዳል፤ ቤት ሲደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ግድግዳ ያያል።

ኢንሺራሕ ግድግዳው እንዳይታይ ስትል የተቀዳውን እሷው መክፈት ጀመረች። እሷ ትሰፋለች፣ ዓሣ ነባሪው ይጮኻል፣ ልጁ አጠገቧ ይቀመጣል። ልጁ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ የተቀዳውን ማቆም ትረሳለች። ሊታጠብ ሲገባም ትረሳለች። አንድ ቀን ዓሣ ነባሪው ስለ ክሎሪን ሲያወራ እግሯ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ብብቱ አካባቢ በላብ የቆሸሸ ጋዋን በረኪና ሲነካው ከመንጣት ይልቅ ቢጫ የሚሆንበትን ምክንያት ዕድሜ ልኳን ስታስብ ኖራ፣ ሰውየው እንደ ዋዛ በሁለት ቃል ጨረሰው። ወደኋላ መልሳ ደጋግማ ሰማችው። የተሰማት ነገር ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ርሃብ መስሏት ቁራጭ ዳቦ በላች። አለቀቃትም።

«ይቺን እንኳ አታውቅም?» አለችው ሙአዝን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ። «ዓሣ ነባሪው እኮ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ነው የደጋገመው።»

«እማዬ፣ መጠየቅ ቀላል ነው።»

«መመለሱም ቀላል ነው። መልሱ ኤስተር ነው።»

«እንግዲያው ራስሽ ተፈተኚዋ!»

«ብፈተንስ?»

«ተፈተኚ! ሂጂና ተመዝገቢ! ሰዓቱ ሲሮጥ፣ ፈታኙ አናትሽ ላይ ሲገተር፣ ያኔ ቀላሉን ታይዋለሽ!»

ሌላ እናት ብትሆን ነጠላ ጫማዋን ትወረውርበት ነበር። ኢንሺራሕ የጀመረችውን እጅጌ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እሺ» አለች።

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስትሄድ በመስኮት በኩል የተቀበላት ጸሐፊ ቀና ብሎም አላያትም።

«ተፈታኟ ለምን ራሷ አልመጣችም?»

«መጥታለች። እኔ ነኝ።»

ሰውየው ቀና አለ። «በግል ልትፈተኚ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ልጄ ተፈተኚ አለኝ።»

«ልጅሽ ያለውን ሁሉ ታደርጊያለሽ እንዴ?»

«አይ፣ ይሄ የመጀመሪያው ነው።»

ማታ ለፍክሪ ነገረችው። ፍክሪ ረጅም ጊዜ አሰበና «ምሳስ?» አለ።

«ፈተናው ከቀትር በፊት ያልቃል።»

«እንግዲህ ደግ» አለ ፍክሪ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ለራሷ የሰጠችው ምክንያት እናታዊ ነበር። ልጅ መራራ መድኃኒት አልጠጣም ሲል እናቱ መጀመሪያ ራሷ ትቀምስለታለች፤ ይኸው ነው። ለሙአዝም ያለችው ይህንኑ ነው። ልጁ መጀመሪያ አፈረ። ለማንም እንዳትናገር አስማላት። ቆይቶ ግን አብሮት የሚሰቃይ ሰው መገኘቱ ደስ አለው። ጥያቄ ይወራወራሉ፣ በማስመሪያ ይቀማማሉ፣ በፊዚክሱ ንጉሠ ነገሥት ድምፅ እየተነጋገሩ ይስቃሉ። ልዩነቱ አንድ ነበር። መጽሐፉ ሲዘጋ ሙአዝ ይነቃል፤ ኢንሺራሕ ደግሞ መጽሐፉ ሲከፈት።

ፈተናው የገባው በሐሩሩ ወር ነው። ጠዋት ጠዋት እናትና ልጅ ከቤት አብረው ይወጡና መንገድ ላይ ይለያያሉ፤ እሱ ወደ ወንዶቹ ትምህርት ቤት፣ እሷ ወደ ግል ተፈታኞች። በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እናቶች ቁርኣን እየቀሩ፣ በካርቶን እያራገቡ ይቀመጣሉ። ኢንሺራሕ አልፋቸው ልትገባ ስትል አንዷ እጇን ያዘቻት።

«እህቴ፣ አያስገቡም። እኛም ሞክረን ነበር። ነይ እዚህ ጥላ አለ።»

«ተፈታኝ ነኝ።»

ሴትየዋ እጇን ለቀቀች። «አላህ ይርዳሽ፣ ልጄ» አለቻት፤ በዕድሜ የምትበልጠው ኢንሺራሕ ብትሆንም።

ክፍል ውስጥ ፈታኙ ወላጅ መስላው ሊያስወጣት ፈለገ። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ተቆጣጣሪ መስላት ስትንቀጠቀጥ ነበር። የፊዚክሱ ቀን አገር ምድሩ አለቀሰ። ጥያቄዎቹን ያወጣው ሰው የጠላት ልጅ መሆን አለበት ተባለ። አጠገቧ ያለችው ልጅ እንባዋ መልስ መስጫው ላይ ሲንጠባጠብ ኢንሺራሕ ከቦርሳዋ ናዕናዕ ከረሜላ አውጥታ ገፋ አደረገችላት።

«አክስቴ፣ አንቺ ለምን አታለቅሽም?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«እኔን ቤት የሚጠብቀኝ የለም» አለች ኢንሺራሕ። ልትል የፈለገችው ብወድቅ የሚቆጣኝ የለም ነው። ልጅቷ ግን ብቸኛ ሴት መስላት የባሰ አለቀሰች። ፈታኙ ሁለቱንም ገሠጻቸው።

ቤት ስትደርስ ሙአዝ ወለሉ ላይ በደረቱ ተዘርግቶ ጉንጩን ቀዝቃዛው ሸክላ ላይ አድርጎ ነበር። ፍክሪ ከበላዩ ቆሞ አየው። ከዚያ ወጣና ሐብሐብ ገዝቶ ተመለሰ። በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሐብሐብ መርገጫ አሳጣ።

ውጤት የወጣ ቀን ነዋል ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ዶክተር ሻሂርንም ከነስልኩ ይዛ። ሻሂር የሙአዝን ቁጥር አስገባ፣ ድረ ገጹ ተጨናነቀ፣ እንደገና አስገባ። ከዚያ ስልኩን ለእናቱ አሳያት። እናቱ አየችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ሰማንያ አንድ» አለች፤ ሰው እንደሞተ በሚነገርበት ድምፅ። «ሰማንያ አንድ ከመቶ። ወንድሜ፣ ጽና።»

ሙአዝ የእግሩን ጣት ያያል። ፍክሪ በሩን ያያል፤ የሐብሐብ ሻጩ በዚያ ሰዓት ይኖር እንደሆነ ሳያስብ አልቀረም። በመጨረሻ ሙአዝ ቀና ሳይል «የእማዬንም እዩት» አለ።

«የእማዬን ምን?» አለች ነዋል።

ነገሩን አስረዷት። ሻሂር ቁጥሩን አስገባ። አየ። ዓይኑን አሻሽቶ እንደገና አየ።

«ዘጠና ሦስት ተኩል።»

ጎረቤቷ ሴትዮ፣ ከግድግዳው ማዶ ጆሮዋን ተክላ የቆየችው፣ ቁጥሩን ሰምታ እልልታዋን ለቀቀችው። ወዲያው ግን ሌላዋ ጎረቤት «የልጁ አይደለም!» ስትላት እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። «ታዲያ የማን ነው?» «የእናቱ!» ሴትዮዋ ትጨርሰው ወይስ ትተወው አላወቀችም። በኋላ ቀነስ አድርጋ ጨረሰችው።

ሰው መምጣት ጀመረ። የመጣው ሁሉ ደጃፉ ላይ ይቆምና የሚስቀውን ወይስ የሚያዝነውን ፊት ይዞ እንደሚገባ ይቸገራል። ነዋል ወጥ ቤት ገብታ የደስታውን ጣፋጭ ቀይ ሸርበት ልበጥብጥ ወይስ የሐዘኑን ስኳር የሌለው ቡና ላፍላ ብላ ተጨነቀችና ሁለቱንም አቀረበች። እንግዳው እንደ ዝምድናው እየመረጠ ጠጣ። ኢንሺራሕ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት «አይዞን» ትላለች፣ አይዞሽ ሲሏት «አመሰግናለሁ» ትላለች። ፈገግታ ያመልጣታል፤ እሷ ደግሞ እንዳይታወቅባት በሻሽዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ልጇ ወድቆ የሚስቅ አፍ የምን አፍ ነው ብላ አፈረች።

ዓሣ ነባሪው ራሱ ደወለ። በድምፁ አወቀችው፣ እሱ ግን አያውቃትም ነበር።

«ከእኔ ተማሪዎች አንዷ መሆንሽን ሰምቼ ኮራሁ፣ እህቴ! ፎቶሽን ላኪልኝ፤ ማስታወቂያው ላይ አወጣዋለሁ።»

«ኡስታዝ፣ እኔ አዳራሹ ገብቼ አላውቅም። የሰማሁህ ከልጄ ስልክ ነው።»

«ድምፄ ከደረሰሽ ተማሪዬ ነሽ!»

«ልጄ አዳራሽህ ነበር። ሰማንያ አንድ ነው ያመጣው።»

ዓሣ ነባሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። ፎቶ አልላከችለትም። ከቀናት በኋላ ማስታወቂያው በየመንገዱ ተለጠፈ፤ ስሟ አለ፣ በፎቶዋ ቦታ ቀይ ጽጌረዳ ተስሎበታል። ፍክሪ ወደ ሥራ ሲሄድ እያለፈ ያየዋል። አንድ ጊዜ ማንም አለማየቱን አረጋግጦ ጫፉ የተላቀቀውን ወረቀት በምራቁ መልሶ ለጠፈው።

ከዚያ ምክር ተጀመረ። የሙአዝ ጉዳይ ቀዳሚ ነበር። ነዋል ጣቷን እያጠፈች አማራጭ ትደረድራለች።

«የግል ዩኒቨርሲቲ አለ። ያቺን የአባታችንን የገጠር መሬት ትሸጣለህ።»

«ያቺ መሬት ያንቺም ናት» አለ ፍክሪ።

«እንግዲያው የግሉ ይቅር። ጆርጂያ ይሂድ። ሩሲያ ይሂድ። እዚያ ከበረዶው በቀር የሚፈትን የለም። ሲመለስ ማን ይጠይቀዋል? ሐኪም ሐኪም ነው።»

«አንቺ ስትታመሚ ጆርጂያ የተማረ ያክምሽ?» አላት ሻሂር።

«እኔማ አንተን ወልጃለሁ» አለች እናቱ።

ነርስነት ተነሳ፣ ወደቀ። ውጤቱ እንደገና ይታይ የሚል አቤቱታ ተነሳ፤ አቤት ብለው የቀነሰባቸው ሰዎች ስም ተጠርቶ ወደቀ። ግብርና ሲነሳ ነዋል ያጠፈችውን ጣቷን መልሳ ዘረጋች፤ የፍክሪ አባት ዕድሜ ልኩን ገበሬ ነበር፣ ልጆቹን ያሳደገውም ከዚያ ለማምለጥ ነው። ነዋል ሸርበቷን ፉት አለችና ድንገት ብልጭ አለላት።

«ቆይ ቆይ። ለኢንሺራሕ ነጥቡ ምን ያደርግላታል? ነጥቧን ለልጁ ለምን አትሰጠውም?»

ይስቃል ብላችሁ የምትጠብቁት ሰው ሁሉ አልሳቀም። ፍክሪ በቁም ነገር አሰበበት። በማግስቱ የሚያምርበትን ሸሚዝ ለብሶ የምደባ ጽሕፈት ቤት ሄደ።

«ማዛወር ትፈልጋለህ» አለው ሠራተኛው፣ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ።

«ከእናት ወደ ልጅ ነው። ባዕድ የለበትም። እሷም ፈቃደኛ ናት።» ፈቃደኛ መሆኗን አልጠየቃትም ነበር።

«አይቻልም፣ አባቴ።»

«በዚህ ከተማ እናት ለልጇ ኩላሊት ትሰጣለች» አለ ፍክሪ፣ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አድርጎ። «አንዱን አውጥተው እዚያ ይከቱታል፤ ይሠራል። ነጥብ ከኩላሊት ይበልጣል?»

ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በዚህ አገር?» አለና ትንሽ አሰበ። «አዎ፣ ይበልጣል።»

ፍክሪ ሲመለስ ምን እንዳደረገ ለኢንሺራሕ ነገራት። አልተቆጣችም። ሳህን እያጠበች ነበር፤ አንዱን ሳህን ደጋግማ አጠበችው። ስጪ ተብላ ብትጠየቅ ትሰጥ እንደነበር ታውቃለች፤ ሰጥታም በልቧ እንደምትቀየም ታውቃለች። ይህን ስለራሷ ማወቋ አስደነገጣት።

ሙአዝ አንድ ጊዜ ከዳነ፣ ማለትም ተስፋ ከተቆረጠበት፣ ምክሩ ወደ እሷ ዞረ። አሁን ነገሩ የቤተሰብ ክብር ሆኗል። ዘጠና ሦስት ተኩል ያለው ሰው በምርጫ ቅጹ ላይ ሕክምና ካልሞላ ምን ሊሞላ ነው? ነዋል እንኳ ተሸነፈች።

«ጨርሰሽ ስትወጪ ፀጉርሽ ይሸብታል» አለቻት። «ግን ምን ችግር አለው? ሽበት ያለው ሐኪም ይታመናል። ከሻሂር ጋር ክሊኒክ ትከፍታላችሁ። ጋዋኑን ደግሞ በነፃ።»

ኢንሺራሕ እሺም እንቢም አላለችም። የምርጫው መሙያ ቀን ሲቀርብ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ወጣች። ሙአዝ እዚያ ነበር፣ ከእርግብ ቤቱ ጥላ ሥር። ከውጤቱ ወዲህ ውሎው እዚያ ነው። ዶክተር ብሎ የሚጠራው ስለሌለ፣ ሙአዝ ማለት ደግሞ ሰው ስላልለመደው፣ በዚያ ሰሞን ማንም በምንም አይጠራውም ነበር።

«ሕክምና አልሞላም» አለችው አንሶላ እየዘረጋች።

«ምን?»

«ሳይንስ ኮሌጅ ነው የምሞላው። ኬሚስትሪ።»

ሙአዝ ተነሳ። «ነጥብሽ እኮ ይደርሳል።»

«ሳይደርስ አይቀርም።»

«እና?»

«አልፈልገውም። ደም ሳይ ይዞረኛል። አንተ ከብስክሌት ወድቀህ ጉልበትህ የተቀደደ ጊዜ ማን ነበር ራሱን የሳተው? እኔ ነኝ። ያ ክሎሪን ምን እንደሚያደርግ ነው ማወቅ የምፈልገው። ሌላ አልፈልግም።»

«አልፈልግም ይባላል እንዴ?» አለ ሙአዝ። ድምፁ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር። «እማዬ! ይባላል እንዴ? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዶክተር፣ ዶክተር፣ ዶክተር! ዳቦ ስገዛ ዶክተር፣ ስወድቅ ዶክተር። አልፈልግም የሚባል ነገር እንዳለ ለእኔ ማን ነገረኝ? እኔ የተገደልኩበትን ነገር አንቺ አገኘሽው፣ አሁን ደግሞ አልፈልግም?»

ሁለት እርግቦች ተነስተው በረሩ። ኢንሺራሕ በእርጥቡ አንሶላ ማዶ ቆመች። በአረብኛው ፈተና ድርሰት ጽፋ ሙሉ ነጥብ ያገኘች ሴት ናት፤ አሁን ግን የአንሶላውን እጥፋት በመዳፏ ታቃናለች።

«እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው» አለች በመጨረሻ። «እንደሚባል።»

አንሶላውን ሰብስባ ወደ እሱ መጣችና ከእርግብ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

«ትፈልግ ነበር?»

«ምኑን?»

«ሕክምናውን።»

«እኔ እንጃ። ጠይቆኝ የሚያውቅ ስለሌለ አላሰብኩበትም።»

«አሁን ጠየቅሁህ።»

ልጁ የምሩን አሰበ። ከጣሪያው ላይ የወንዙ ቁራጭ ይታያል፤ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው መረብ ይሰበስባል።

«ውሃ ዳር መዋል ደስ ይለኛል» አለ።

«ይሄማ ሥራ አይ...» አለችና አፏን በመዳፏ ያዘች። «ቀጥል። አልተናገርኩም።»

የቀጠለው ብዙ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ጣሪያ የወረዱት ሁለቱም ምርጫቸውን ይዘው ነው። ኢንሺራሕ ሳይንስ ኮሌጅን አንደኛ አድርጋ ሞላች፣ ሕክምናን ጭራሽ አልጻፈችም። ሙአዝ ደግሞ ባለ ከፍተኛ ነጥቦቹ ሞልተው ተራው ሲደርስ ከፍር ኤል ሼኽ ከተማ ያለውን የዓሣ ሀብት ኮሌጅ አስቀደመ። የዚያ ዓመት የሕክምና መግቢያ ሲታወቅ ከኢንሺራሕ ነጥብ በታች ሆኖ አረፈ። ብትሞላው ትገባ ነበር። ይህ ሲሰማ ነው ለቅሶው እውነተኛ ለቅሶ የሆነው። በዚያ አገር ነጥብ ማነስ ሐዘን ነው፤ ነጥብ ማባከን ግን ኃጢአት ነው።

«በሬ ሸጦ ዶሮ የገዛ ሰው ሲወራ እሰማ ነበር» አለች ነዋል፣ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ። «ዛሬ በዓይኔ አየሁ። እናት በሬውን ሸጠች፣ ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። ወንድሜ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ፍክሪ ሐብሐብ ሊገዛ ተነሳ። ደጃፍ ደርሶ ተመለሰና ኢንሺራሕን «ሳይንስ ኮሌጅ ስንት ሰዓት ላይ ያልቃል?» አላት።

«አንዳንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል።»

«እንግዲህ ሩዝ እንዴት እንደሚሠራ አሳዪኝ» አለ።

አሳየችው። የመጀመሪያውን ወር አሳረረው። በሁለተኛው ወር ከላይ ጥሬ፣ ከታች ያረረ ሆነ፤ ይህ መሻሻል ነው ተባለ።

ትምህርቱ ሲጀመር መምህሩ ኢንሺራሕን የመጀመሪያ ረድፍ ላይ አይቶ ስለልጇ ውጤት ልታማርር የመጣች እናት መስላው «እመቤቴ፣ የወላጆች ጉዳይ በቢሮ በኩል ነው» አላት። ተማሪዎቹ አክስቴ ይሏታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ የሚሰብሩት እነሱ ናቸው፤ የማትሰብረው እሷ በመጀመሪያው ዓመት በሒሳብ ወደቀች። ነዋል ይህን በሰማች ጊዜ ልታጽናናት ስኳር የሌለው ቡና አፍልታ መጣች። ኢንሺራሕ ቡናውን ጠጣች፣ ወረቀቷን አወጣች፣ የተሳሳተችበትን ቦታ ፈለገች። ጋዋን መስፋቱንም አላቆመችም፤ አሁን የምትሰፋው ከክፍል መልስ ነው። ሙአዝ ሐሙስ ሐሙስ ከከፍር ኤል ሼኽ በሚኒባስ ይመጣል፣ ለእርድ ያልደረሱ የማርቢያ ገንዳ ዓሦችን ስም እየጠራ። ፀሐይ አጥቁራዋለች። ጎረቤቶቹ በስሙ መጥራት ጀምረዋል፤ መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቹ ስሙን መጠየቅ ነበረባቸው።

በቀጣዩ መስከረም ተራው የነዋል ታናሽ ልጅ የሩቀያ ሆነ። መልቀቂያ ልትወስድ ነው። ነዋል ልጅቷን ክንዷን ይዛ፣ ሦስት ዳጎስ ያሉ መጻሕፍት በሌላ እጇ ተሸክማ መጣች።

«ሻሂር ጊዜ የለውም፣ አንቺ አስጠኚልኝ» አለች። «ወንድሟ ሕክምና ሆኖ እሷ ሌላ ብትሆን ሰው ምን ይላል? ከሰዓት በኋላ በሙሉ ያንቺ ናት። ጥመጃት።»

ነዋል ስትሄድ ኢንሺራሕ ልጅቷን አየቻት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ከየት እንጀምር?» አለቻት። «ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?»

ሩቀያ ወጥመድ ያለው ጥያቄ መስሏት ብዙ አሰበች። «እውነቱን ልንገርሽ? አትቆጪኝም? መተኛት።»

ኢንሺራሕ መጻሕፍቱን ከሶፋው ላይ አነሳች፣ ትራስ አመቻቸችላት፣ መስኮቱን ዘጋች። ራሷ የሒሳብ መጽሐፏን ይዛ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ልጅቷ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«የዶክተር ሻሂር እናት ነኝ» አለች ነዋል። «እንዴት ናት? እያጠናች ነው?»

ኢንሺራሕ ወደ ሶፋው ዞር ብላ አየች። ሩቀያ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች።

«ጠልቃ ገብታለች» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን አትረብሻት።»